በረዶን በመስኖ፤ የስኪ ወቅትን የማራዘም ሩጫና ያልተከፈለው ሒሳብ

በዝናብ ብቻ የሚያርስ ገበሬ ኑሮው ሰማይ ሰማይ ማየት ነው። ደመናው ከዘገየ ዘሩ ይዘገያል፣ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ አዝመራው ይቀጭጫል። መስኖ ያለው ገበሬ ግን በመጠኑም ቢሆን ወቅቱን በእጁ ያደርጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ተራሮች ላይ በበረዶ ሸርተቴ፣ በተለምዶ ስኪ በሚባለው ስፖርት የሚነግዱ ኩባንያዎች ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትናንት የሰማይ ጥገኞች ነበሩ፤ ዛሬ በረዶን እንደ መስኖ አትክልት ያመርታሉ። አሁን ደግሞ ወቅቱን በሁለቱም ጫፍ ይዘው ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ጁን ሊለጥጡት ይፈልጋሉ። ይህ ልጠጣ ማንን ይጠቅማል? ሒሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

አንባቢ ‹‹በረዶ በሌለበት ሀገር የበረዶ ጉዳይ ምን አስጨነቀን?›› ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን የምጽፈው ከዴንቨር ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ተራሮቹ እንግዳ በማመላለስ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖች አሉን። ለእነርሱ የስኪው ወቅት በሁለት ሳምንት መርዘሙ ወይም ማጠሩ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። ከዚህ ባሻገር ‹‹የአየር ንብረት ለውጥን በገንዘብና በማሽን ማለፍ ይቻላል›› የሚለው አስተሳሰብ በተግባር የሚፈተነው በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው። የፈተናው ውጤት ደግሞ ዓመቱን በዝናብ ለሚቆጥር ሕዝብ እንግዳ ወሬ ሊሆን አይገባም።

ለግልጽነት ያህል ወራቱን በፈረንጅ ስማቸው፣ ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። የእነርሱ የበረዶ ወራት የእኛ በጋ በመሆኑ ‹‹ክረምት›› የሚለው ቃል ያሳስታል። ሊለጠጡ የተፈለጉት ሁለቱ ጫፎች ግን በእኛም አቆጣጠር መፀውና ፀደይ ናቸው።

የኦክቶበሩ ሩጫ

በኮሎራዶ ግዛት በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ በሦስት ጎረቤታሞች መካከል አንድ እሽቅድምድም ይጀመራል። አራፓሆ ቤዚን፣ ኪይስቶንና ላቭላንድ የሚባሉት የስኪ ተራሮች ቀድሞ ለመክፈት ይፎካከራሉ። አራፓሆ ቤዚን ሥራ የጀመረው በ1946 ነው። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,286 ሜትር ነው፣ የእንጦጦን ጫፍ ይስተካከላል ማለት ነው። ጫፉ ደግሞ 3,978 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታው የተነሳ ጎረቤቶቹ ከዘጉ በኋላም እስከ ጁን ይቆያል። በ1995 በረዶው በዝቶ እስከ ኦገስት 10 ድረስ ሳይዘጋ መቆየቱ እስካሁን ይነገርለታል።

ይሁን እንጂ የኦክቶበር መክፈቻ የሚባለው ነገር ስሙን ያህል አይደለም። በተራራው ላይ የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው። ግራና ቀኙ ቡናማ ሣርና ድንጋይ፣ መሀሉ ደግሞ በማሽን የተሠራ ቀጭን ነጭ መንገድ ነው። በዚያች ጠባብ መስመር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ ስለሚወርድባት ስፖርተኞቹ ራሳቸው ‹‹ነጩ የሞት ጥብጣብ›› የሚል የፌዝ ስም አውጥተውላታል።

ታዲያ ለአንዲት ጥብጣብ ይህን ያህል ኤሌክትሪክና ጉልበት ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? በእኔ እምነት መልሱ ያለው ከበረዶው ይልቅ በትኬቱ ሽያጭ ውስጥ ነው። ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ በ2008 ‹‹ኤፒክ›› የተሰኘውን የወቅት ፓስ በ579 ዶላር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የኢንዱስትሪው አሠራር ተለውጧል። ከዚያ በፊት ደንበኛው በረዶ መጣሉን አይቶ የቀን ትኬት ይገዛ ነበር። አሁን በረዶ ከመጣሉ ወራት ቀደም ብሎ የዓመቱን ይከፍላል። በ2018 ‹‹አይከን›› የተባለው ተፎካካሪ ፓስ ሲጨመር ገበያው በሁለት ጎራ ተከፈለ። የእነዚህ ፓሶች ሽያጭ ከኖቬምበር መጨረሻው የምስጋና በዓል በፊት ባሉት ሳምንታትም ይቀጥላል። እንግዲህ በኦክቶበር ሊፍቱ ሲሽከረከር በቴሌቪዥን መታየቱ ራሱን የቻለ ማስታወቂያ ነው። ከመስመሯ የሚገኘው የዕለት ገቢ ወጪዋን ባይሸፍን እንኳ ‹‹ወቅቱ ተጀምሯል፣ ግዙ›› የሚለው መልእክት ይሸፍነዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ብሔራዊ ቡድኖች ከዓለም ዋንጫ ውድድሮች በፊት መለማመጃ ይፈልጋሉ። ኮፐር ማውንቴን በ2011 ለአሜሪካ ቡድን የፍጥነት ውድድር ማሠልጠኛ የከፈተው ኖቬምበር ላይ ሙሉ ርዝመት ያለው መስመር በሰው ሠራሽ በረዶ ለማዘጋጀት ነው። የማሽን በረዶ ጠንካራና ወጥ በመሆኑ ተወዳዳሪዎች ይመርጡታል።

በረዶ እንዴት ይሠራል?

ሰው ሠራሽ በረዶ የተወለደው ከችግር ነው። በ1950 በኮኔቲከት ግዛት ስኪ የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች በረዶ ጠፍቶ ገበያቸው ሲቀዘቅዝ የተጨመቀ አየርና ውሃ በአፍንጫ መሰል ቱቦ አደባልቀው ረጩ። ጠብታዎቹ መሬት ሳይደርሱ ረጉ። የዛሬዎቹ ማሽኖች በኮምፒዩተር ይታዘዙ እንጂ መሠረታዊ አሠራራቸው አልተለወጠም።

ወሳኙ ነገር ቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን የአየሩ ድርቀትም ጭምር ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ጠብታው እየተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ አንድ ሁለት ዲግሪ በላይ እያነበበም በረዶ መሥራት ይቻላል። አየሩ እርጥበት ከበዛበት ግን ከዜሮ በታች ሆኖም ሥራው አይሳካም። ባለሙያዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ የሚለካ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ እርሱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማሽኖቹ ይነሳሉ። የኮሎራዶ ደረቅ አየር የኦክቶበርን ሌሊቶች ለዚህ ምቹ የሚያደርገውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊቱ እየሞቀ ሲሄድ ግን ማሽኑ የሚሠራባቸው ሰዓታት ይቀንሳሉ። ማሽኑ መፍትሔ የተባለለት ያው ሙቀት ማሽኑን ራሱን ያስቆመዋል።

ሙቀትን የማይፈራ ማሽንም አለ። የባሕር ውሃን በማጣራት የሚታወቀው የእስራኤሉ አይዲኢ ኩባንያ ውሃን በባዶ አየር ግፊት ውስጥ የሚያረጋ ቴክኖሎጂ አለው። ይህ ቴክኖሎጂ በደቡብ አፍሪካ ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ለማቀዝቀዝ ያገለገለ ነው። የስዊዘርላንዱ ዘርማትና የኦስትሪያው ፒትስታል እያንዳንዳቸው አንድ ገዝተው ተክለዋል። ማሽኑ ግዙፍና ውድ፣ ከአንድ ቦታም የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ጥቂት ክፍተቶችን ለመድፈን እንጂ ተራራ ለማልበስ አይሆንም።

በረዶ በጎተራ

ከሁሉም ይበልጥ ቀልቤን የሳበው ብልሃት ግን አዲስ ቴክኖሎጂ የሚባል አይደለም። የዘንድሮን በረዶ ለከርሞ ማስቀመጥ ነው። በስዊዘርላንድ ዳቮስ ጃንዋሪ ላይ፣ ብርድ በበረታበትና ማሽን በርካሽ በሚሠራበት ጊዜ፣ ወደ 20,000 ሜትር ኩብ የሚደርስ በረዶ ተመርቶ ይከመራል። ፀደይ ሲመጣ ክምሩ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሰጋቱራ ይሸፈናል። በ2015 የተደረገ ልኬት እንዳሳየው ሞቃቱ ወራት ሲያልፉ ከበረዶው ሦስት አራተኛው ያህል ሳይቀልጥ ተገኝቷል። በኦክቶበር መጨረሻ ሰጋቱራው ይገፈፍና በረዶው ለሜዳ ላይ ስኪ አራት ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ተደርጎ ይዘረጋል።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ሰጋቱራው የፀሐይን ሙቀት ያግዳል፤ ከላይ የረጠበው ክፍል ሲደርቅ ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ማለት ነው። በፊንላንድ ሌቪና ሩካ የተባሉት ማዕከላት በዚህ ዘዴ በኦክቶበር መጀመሪያ ቁልቁል መውረጃ መስመር ይከፍታሉ። በ2025 ደግሞ የፊንላንዱ ስኖው ሴኪውር ኩባንያ በሚሠራው ወፍራም መሸፈኛ የዊስኮንሰኑ ታይሮል ቤዚንና የአይዳሆው ቦገስ ቤዚን በረዶ አስቀምጠው ወደ አሜሪካ አስገብተውታል።

እህሉን በደህና ዓመት በጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ ብልህ ይባላል። ይህ ዘዴም በሞቃት ኦክቶበር ሌሊት ማሽን ከማስጮህ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም በረዶው የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ጥቂት በረዶ በብዛት በሚያስገኝበት ሰዓት ነው። ጉድለቱ መጠኑ ነው። ጎተራው አንድ ሁለት መስመር ይሸፍናል እንጂ ሙሉ ተራራ አይሸፍንም።

የበረዶ ግግሩ ክርክር

አውሮፓ ለረጅም ጊዜ ሌላ አማራጭ ነበራት። በአልፕስ ተራሮች አናት ላይ ያሉት የበረዶ ግግሮች ዓመቱን ሙሉ ስለማይቀልጡ በጁላይም በኦገስትም ይንሸራተቱባቸው ነበር። የዓለም ዋንጫ ውድድርም በየዓመቱ በኦክቶበር መጨረሻ በኦስትሪያ ሶልደን በሚገኘው የበረዶ ግግር ላይ ይከፈታል።

ይህ ጎተራ ግን እየተሟጠጠ ነው። የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግሮች በ2022 ብቻ ከይዘታቸው 6 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ 4 በመቶ አጥተዋል። በ2022 በጁላይ ማብቂያ ዘርማት የበጋ ስኪውን ለማቋረጥ ተገድዷል። በዚያው ዓመት ከዘርማት ተነስቶ በጣሊያኗ ቼርቪኒያ የሚያልቅ፣ ሁለት ሀገሮችን የሚያገናኝ አዲስ የዓለም ዋንጫ ውድድር ታቅዶ በበረዶ እጦት ተሰረዘ። በ2023 ደግሞ መስመሩን ለማስተካከል ኤክስካቫተሮች የበረዶ ግግሩን ሲቆፍሩ የሚያሳዩ ፎቶዎች ወጥተው ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሱ። የቫሌ ካንቶን ባለሥልጣናትም ከተፈቀደው ክልል ውጭ የሚካሄደው ሥራ እንዲቆም አዘዙ። መጨረሻ ላይ ውድድሮቹን ያስቀራቸው አሁን ከባድ የበረዶ መውረድና ነፋስ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከታቀዱት ስምንት ውድድሮች አንድም ሳይካሄድ ፕሮግራሙ ከመርሐ ግብሩ ወጣ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ወቅቱን በጥቂት ሳምንት ለማስቀደም ሲባል በሺህ ዓመታት የተጠራቀመውን ሀብት በኤክስካቫተር መነካካት በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ ተብሎ ሊጻፍ አይችልም።

ሰው የማይፈልገው ምርጥ በረዶ

አሁን ወደ ትልቁ ተቃርኖ እንምጣ። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ የተጠራቀመው በረዶ ከዓመቱ ሁሉ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው በኤፕሪል መጀመሪያ ገደማ ነው። አብዛኞቹ የስኪ ተራሮች የሚዘጉትም በዚያው በኤፕሪል ነው። በሌላ አነጋገር ኢንዱስትሪው በረዶ በሌለበት በኦክቶበር ገንዘብ አፍስሶ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ከሰማይ በነፃ ወርዶ በተከመረበት ጊዜ ግን በሩን ዘግቶ ይሄዳል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ‹‹ደንበኛው አይመጣም›› የሚል ነው። እውነትነት አለው። ዴንቨር ውስጥ ዛፉ ለምልሞ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ሰው ስኪውን ሰቅሎ ብስክሌቱን ያወርዳል። ተራራው ላይ ሁለት ሜትር በረዶ መኖሩን ከተማው አያየውም። ነገር ግን እዚህም የፓሱ ጉዳይ አለበት። በኤፕሪል የሚመጣው ደንበኛ አስቀድሞ የከፈለ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለኩባንያው የሊፍት፣ የነዳጅና የደመወዝ ወጪ እንጂ አዲስ የትኬት ገቢ አያመጣም። ከምሳና ከኪራይ የሚገኘው ብቻውን አያዋጣም። ስለዚህ ወቅቱን በመፀው በኩል ማራዘም ማስታወቂያ ሲሆን በፀደይ በኩል ማራዘም ኪሣራ ተደርጎ ይታያል።

በ2023 የካሊፎርኒያው ማሞዝ ማውንቴን በታሪኩ ከፍተኛውን በረዶ አግኝቶ እስከ ኦገስት 6 ክፍት በነበረበት ወቅት ግን የሆነው ሌላ ነው። ጎረቤቶቹ ሲዘጉ አንዱ ክፍት ከሆነ የስድስት ተራራ ደንበኛ ወደ አንዱ ይሰበሰባል። አራፓሆ ቤዚንም ለዓመታት የኖረው በዚሁ ሥሌት ነው። በእርግጥ የፀደይ ማራዘም የራሱ ገደብ አለው። በአንዳንድ ተራሮች ሜይና ጁን ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን የሚወልድበት ጊዜ በመሆኑ ሰው እንዳይገባ ይከለከላል። ይህ መከበር ያለበት ነው።

ውሃውና ሠራተኛው

አንድ ሄክታር መሬትን 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የማሽን በረዶ ለማልበስ ከ1,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያስፈልጋል። ‹‹ውሃው በፀደይ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል›› የሚለው የኢንዱስትሪው ክርክር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ በትነትና በሌላ መንገድ የሚጠፋው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር የኮሎራዶ ወንዞች እጅግ የሚቀንሱባቸው ወራት ናቸው። ውሃው ዓሣውና ወንዙ በሚፈልጉት ጊዜ ተወስዶ ወንዙ ሞልቶ በሚፈስበት በሜይ ይመለሳል። በኮሎራዶ ሕግ የውሃ መብት ቀድሞ ለያዘው ነው። በ1973 ግን ግዛቱ ለወንዙ ለራሱ የሚቀር አነስተኛ ፍሰት በመብትነት እንዲያዝ የሚፈቅድ ሕግ አውጥቷል። የኦክቶበሩ ሩጫ ይህን ሕግ በየዓመቱ ይፈትነዋል።

የሠራተኛው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ሊፍት የሚያንቀሳቅሱትና ምግብ የሚያቀርቡት በርካቶቹ ከደቡብ አሜሪካ ለዕረፍት ጊዜያቸው በተማሪ ቪዛ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ቪዛው የሚፈቅደው ቢበዛ አራት ወር ነው፤ የእነርሱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ደግሞ ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች በሙሉ በአካባቢው ነዋሪ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ። ነዋሪው ግን የቤት ኪራይ አልቻለም። በዲሴምበር 2024 መጨረሻ በዩታ ፓርክ ሲቲ ወደ 200 የሚጠጉ የተራራ ደኅንነት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ጥያቄያቸው መነሻ ደመወዝ በሰዓት ከ21 ዶላር ወደ 23 ዶላር ከፍ እንዲል ነበር። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ፣ በዓመቱ ትልቁ ገበያ መሀል፣ አብዛኛው ተራራ ተዘግቶ ቆየ። በሁለት ዶላር ጥያቄ ተራራ የሚዘጋ ኢንዱስትሪ ወቅቱን በሁለት ወር አረዝማለሁ ሲል ‹‹በማን ጉልበት?›› ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

ጫፉ ሲለጠጥ መሀሉ ይሳሳል

በ2024 የታተመ የዳንኤል ስኮትና የሮበርት ስታይገር ጥናት እንደሚያመለክተው ከ1960 እስከ 1979 ከነበረው ጋር ሲነፃፀር ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ የአሜሪካ የስኪ ወቅት በአማካይ ከ5.5 እስከ 7.1 ቀናት አጥሯል። ኪሣራውም በዓመት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በአውሮፓ በ2,234 የስኪ ማዕከላት ላይ ተደርጎ በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ ከጨመረ ሰው ሠራሽ በረዶ የማይጠቀሙ ከሆነ 53 በመቶው እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ እንደሚወድቁ ያሳያል። ማሽኖቹ የመስመሮቹን ግማሽ ከሸፈኑ ቁጥሩ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ማሽን ይረዳል፣ ነገር ግን አያድንም ማለት ነው።

የ2025/26 ወቅት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ሆኗል። ቬይል ሪዞርትስ በጃንዋሪ 2026 ባወጣው መግለጫ በኖቬምበርና በዲሴምበር በሮኪ ተራሮች የወረደው በረዶ ከ30 ዓመቱ አማካይ ግማሽ እንኳ አለመሙላቱን አሳውቋል። በኦክቶበር ቀድሞ መክፈት በዲሴምበር የሚያስፈልገውን በረዶ አላወረደም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ በዊንተር ኦሊምፒክ ሲሳተፍ የመጀመሪያው ነበር፤ በ2010 በቫንኩቨርም ደግሞታል። በረዶ የለም ብሎ አልተቀመጠም፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ጎማ ባለው ስኪ ሲለማመድ ብዙዎች በመገረም ተመልክተውታል። ያን ጊዜ በረዶ ያጣው አፍሪካዊ እንደ ብርቅ ታየ። ዛሬ በረዶን በሰጋቱራ ሸፍነው የሚጠብቁት የአልፕስ መንደሮች ናቸው።

ምን ይበጃል?

ወቅትን ማራዘም በራሱ ኃጢአት ነው የሚል እምነት የለኝም። ለሾፌሩ፣ ለአስተናጋጁና ለሆቴሉ ተጨማሪ ሳምንት ተጨማሪ እንጀራ ነው። ልዩነት የሚያመጣው የሚራዘምበት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ከመፀው ይልቅ ፀደይን ማስቀደም ይገባል። በረዶው አለ፣ ወንዙም ሙሉ ነው። ጎረቤታም ተራሮች ተራ ገብተው አንዱ ክፍት ቢሆንና የሁሉም ፓስ እዚያ ቢሠራ ወጪው ይከፈላል። ሁለተኛ፣ በመፀው መክፈት ግድ ከሆነ ከሞቃት ሌሊት ማሽን ይልቅ የተጠራቀመ በረዶ ይቅደም። የበረዶ ግግርን መቆፈር ግን ጨርሶ መቅረት አለበት። ሦስተኛ፣ የኮሎራዶ የስኪ ተራሮች በብዛት የሚገኙት በፌዴራሉ የደን አገልግሎት ሥር ባለ የሕዝብ መሬት ላይ ነው። ኩባንያው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ የወቅት ማራዘሚያ ሲጠየቅ የወንዙን አነስተኛ ፍሰትና የሠራተኛውን መኖሪያ የሚመለከት ግዴታ አብሮ እንዲጠየቅ የሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል።

አራተኛውና ዋናው፣ እነዚህ ተራሮች በበረዶ ብቻ እንዳይኖሩ ማድረግ ነው። በ2011 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሕዝብ መሬት ላይ ያሉ የስኪ ማዕከላት በሞቃቱ ወራት የብስክሌት መንገድና ሌሎች መዝናኛዎች እንዲያለሙ በግልጽ ፈቅዷል። በዚህ መንገድ የሚገኝ የዓመት ሙሉ ሥራ በኦክቶበር ከምትዘረጋ አንዲት ነጭ ጥብጣብ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል። መስኖ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምንጩ እየደረቀ ቦይ ብቻ የሚያረዝም ገበሬ አንድ ቀን ባዶ ቦይ ታቅፎ ይቀራል። የኮሎራዶና የአልፕስ ባለሀብቶች ለቦዩ የሚያወጡትን ያህል ለምንጩ እስካልተጨነቁ ድረስ፣ የተለጠጠው ወቅት ሒሳብ ወደ ወንዙ፣ ወደ ሠራተኛውና ወደ ቀጣዩ ትውልድ መተላለፉ አይቀርም።